ያላሰባችሁት የጌም ሙከራ ግብዣ ለምን ደረሳችሁ?

ስልካችሁ ላይ አንድ ኢሜይል ይገባል፤ "ለሙከራው ተጋብዛችኋል" ይላል። ወይም የኮምፒውተር ጌም መደብር የሆነውን ስቲምን ስትከፍቱ ከጌሞቻችሁ ዝርዝር ውስጥ ትናንት ያልነበረ ስም ተቀምጦ ታገኛላችሁ፤ ከስሙ ቀጥሎ "ፕሌይቴስት" (የጌም ሙከራ) የሚል ቃል አለ። አልገዛችሁትም። መጠየቃችሁንም አታስታውሱም። ጌሙ ገና አልወጣም፤ መቼ እንደሚወጣም አልተነገረም። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "እንዴት እኔ ጋ መጣ?" ነው። ወዲያው ደግሞ "ልክፈተው ወይስ ልተወው?" የሚለው ይከተላል።

ለሁለቱም መልስ አለ፤ መልሱ የሚገኘው ግን ነገሩን ከሠሪዎቹ በኩል ሆኖ በማየት ነው። ከእያንዳንዱ የሙከራ ግብዣ ጀርባ ሠሪዎቹ ብቻቸውን ሊመልሱት ያልቻሉት አንድ ጥያቄ አለ። እናንተ የተጠራችሁት ለዚያ ጥያቄ መልስ ስለምትሆኑ ነው። ጥያቄውን ካወቃችሁ ለምን እናንተ፣ ለምን ዛሬ፣ ለምን ለሦስት ቀን ብቻ የሚለው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ሠሪው የማያየው ነገር

አንድን ጌም ሦስትና አራት ዓመት ሲሠራ የኖረ ሰው በአዲስ ዓይን ሊያየው አይችልም። በሩ የት እንዳለ ያውቃል፤ ጠላት ከየት ዘሎ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ለሌላው ግራ የሚያጋባው ምልክት ለእሱ የገዛ ቤቱ መብራት ማብሪያ ነው፣ በጨለማም እጁ ያገኘዋል። ስለዚህ ጌሙ ይክበድ ይቅለል፣ ግልጽ ይሁን አይሁን የሚያሳየው እንግዳ ሰው ያስፈልገዋል።

እኔ ይህን ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ የማነሣው የሄሎ 3ን ታሪክ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ከመውጣቱ በፊት ማይክሮሶፍት 600 ያህል ተራ ተጫዋቾችን ወደ መሞከሪያ ክፍሉ እያስገባ ከ3,000 ሰዓት በላይ አጫውቷቸዋል። እያንዳንዱ ሰው የት እንደሞተ፣ የት መንገድ እንደጠፋበት በካርታ ላይ ይመዘገብ ነበር። በአንዱ ክፍል ላይ ተጫዋቾች ጥይት እያለቀባቸው ተቸገሩ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው "ጥይት ጨምሩላቸው" ማለቱ አይቀርም። መረጃው ሲመረመር ግን ተጫዋቾቹ የሚተኩሱት ጠላት ገና ሩቅ እያለ፣ ጥይቱ በማይደርስበት ቦታ ላይ ሆኖ ነው። ስቱዲዮው ቡንጂ ያደረገው ለውጥ ትንሽ ነበር፤ ጠላት ጥይት የሚደርስበት ርቀት ውስጥ ሲገባ የማነጣጠሪያው ምልክት ቀይ እንዲሆን አደረገ። ጥይት መጨመር ሳያስፈልግ ሰዉ መቼ መተኮስ እንዳለበት ከቀለሙ ተረዳ።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጋልጠው ጌሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። አንዴ የተጫወተ ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ ዳግመኛ አያገለግልም፤ አውቋልና። በሙያው ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው "ክሊኔክስ ሞካሪ" ይሉታል፤ ክሊኔክስ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የወረቀት መሐረብ ስም ነው። ለሰው የተሰጠ ስም ሲሆን ደስ አይልም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። በየዙሩ አዲስ ሰው፣ በተለይም ጌሙን በጉጉት ሲጠብቅ ያልነበረ ሰው ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቆጣበት ነገር አለ። ዓመት ሙሉ ዜናውን ሲከታተል፣ እያንዳንዱን ምስል ሲመረምር የቆየ ወዳጅ ውጭ ቀርቶ፣ ምንም የማያውቀው ጓደኛው ሳይጠይቅ ይገባል። ሕመሙ ይገባኛል። ነገር ግን "ጌሙ ለአዲስ ሰው ግልጽ ነው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ ያነሰ መልስ ያለው ያ ወዳጅ ራሱ ነው። የጌሙን ዓለም ስም በስም ያውቃል፤ የጎደለውን በፍቅሩ ይሞላዋል። ስቱዲዮዎች የሚያጠፉት ምርጫው ላይ አይመስለኝም። የሚያጠፉት ግብዣውን እንደ ማዕረግ አድርገው ሲጽፉት ነው፤ "ከሺዎች መካከል እርስዎ ተመረጡ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ያልተመረጠውን ሰው ያለ ምክንያት ያስከፋል።

ሰርቨሩ ሰው ሲራብ

ሌላው ዓይነት ሙከራ ስለ ጣዕም ግድ የለውም። የሚጠይቀው ቁጥር ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጌም በቢሮ ውስጥ በሃምሳ ሰው ሲሞከር እንከን ላይኖረው ይችላል፤ ሃምሳ ሺህ ሰው በአንድ ደቂቃ "ግባ" የሚለውን ሲጫን ግን የሚወድቀው ከጨዋታው በፊት ያለው በር፣ ማለትም የአካውንት ማረጋገጫው፣ የወረፋ መያዣውና ተጫዋች ከተጫዋች የሚያገናኘው ክፍል ነው። ይህን በኮምፒውተር የተፈጠሩ ሐሰተኛ ተጫዋቾችን በመላክ መሞከር ይቻላል፣ ይሞከራልም። እውነተኛ ሰው ግን ሦስት ጊዜ ይጫናል፣ መሐል ላይ ኢንተርኔቱ ይቋረጥበታል፣ ጓደኛውን ሊጠብቅ በር ላይ ይቆማል። ያንን ሁሉ ማስመሰል ከባድ ነው።

ለዚህ ነው አንዳንድ ሙከራዎች በሩን ለሁሉም የሚከፍቱት። ዲያብሎ 4 እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በግንቦት ከ12 እስከ 14 ያደረገውን ሙከራ ሠሪው ብሊዛርድ "ሰርቨር ስላም" ብሎ ነው የሰየመው፤ ሰርቨሩን ግቡና አጨናንቁት እንደ ማለት ነው። ኤልደን ሪንግ ናይትሬይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የኔትወርክ ሙከራ ሲያደርግ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብዙ ሰው መግባት አቅቶት ውጭ ቀረ። ለተጫዋቹ የባከነ ሰዓት ነበር፤ ለሠሪው ግን ከመውጫው ቀን በፊት የተገኘ ትልቅ ትምህርት ነው።

ግብዣ ድንገት የሚመጣበትን ሰዓት የሚያብራራው ይህ ነው። እስቲ ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። አንድ ስቱዲዮ 1,000 ሰው ጋበዘ እንበል። ግማሹ ኢሜይሉን ያየዋል፤ ካዩት ደግሞ ግማሹ አውርዶ ይከፍተዋል። 250 ቀሩ። እነሱ በሦስት የዓለም ክፍሎች ተበትነዋል፤ በአንድ ክፍል 80 ገደማ መሆኑ ነው። 80ውም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት አይገቡም፤ 20 ቢገኝ ጥሩ ነው። ጌሙ በአንድ ግጥሚያ 60 ተጫዋች የሚፈልግ ከሆነ ማንም አይጫወትም። የገቡትም "ተጫዋች በመፈለግ ላይ" የሚለውን ጽሑፍ አስር ደቂቃ አይተው ይወጣሉ፤ ሲወጡ ለቀሩት ደግሞ ይብስባቸዋል። በዚያች ሰዓት ስቱዲዮው ያለው አማራጭ በሩን በሰፊው መክፈት ነው። ወረፋ ላይ ለወራት የቆዩ አሥር ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። እናንተም ከእነዚያ መካከል ነበራችሁ።

በየትኛው በር ገባችሁ?

ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት መርሳት ነው። ስቲም እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው የፕሌይቴስት አገልግሎት በጌሙ ገጽ ላይ መግቢያ ለመጠየቅ የሚጫን አንድ ቁልፍ ያኖራል። ፎርም የለም፣ ክፍያ የለም፤ አንዴ ተጭኖ አለቀ። ሰው በአንድ ምሽት የአሥር ጌም ገጽ እየከፈተ አሥሩንም ተጭኖ ይተኛል። ስቱዲዮው ከወራት በኋላ "500 ሰው አስገባ" ሲል ስቲም ከጠያቂዎቹ መካከል በዕጣ ያወጣል፤ ኢሜይል ይላካል፤ ጌሙም ዝርዝራችሁ ውስጥ ይገባል። እኔም አንድ ጊዜ የማላውቀው ጌም ዝርዝሬ ውስጥ ገብቶ አካውንቴ የተሰረቀ መስሎኝ የይለፍ ቃሌን ቀየርኩ፤ በኋላ የድሮ ኢሜይሎቼን ስፈልግ ከአሥራ አራት ወር በፊት የስቱዲዮው መጠይቅ ላይ የኮምፒውተሬን ዓይነት ሞልቼ መላኬን አገኘሁ። መጠይቁም ሌላ በር ነው። ያረጀ ወይም ያልተለመደ ኮምፒውተር አለኝ ያለ ሰው ዕድሉ የጠበበ ይመስለዋል፤ ሠሪው ግን ጌሙ ደካማ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው።

ሁለተኛው በር ቀድሞ የነበረ ልማዳችሁ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2023 ይፋ ሲሆን የተወሰኑ ሰዎች ብቻ የሚሞክሩት ነበር። መመዝገቢያ አልነበረውም። የስቲምም የጌሙም ባለቤት የሆነው ቫልቭ የሚመርጠው በቅርቡ በኦፊሴላዊ ሰርቨሮቹ ላይ ምን ያህል እንደተጫወታችሁ፣ ለአካውንታችሁ የተሰጠውን የመታመን ደረጃና የስቲም አካውንታችሁን አቋም አይቶ ነው። ግብዣውም የሚታየው በድሮው ጌም ዋና ገጽ ላይ ነበር። ስለዚህ አንዱ ከሥራ ገብቶ እንደ ወትሮው ሲከፍተው አዲሱ ጌም ይጠብቀዋል፤ ሌላው በየሰዓቱ እየከፈተ ሲያይ ሰንብቶ ምንም አላገኘም።

ሦስተኛው፣ ሌላ ነገር ስታደርጉ የሚሰጣችሁ ነው። ክራክዳውን የተባለውን ጌም እ.ኤ.አ. በ2007 የገዙ ሰዎች በውስጡ የሄሎ 3 ቤታ (ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የሚሞከር ቅጂ) መግቢያ አገኙ፤ ብዙዎችም ለዚያ ሲሉ ገዙት። ቫሎራንት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2020 ዝግ ቤታውን ሲጀምር ደግሞ መግቢያው የሚታደለው ትዊች በተባለው የቀጥታ ስርጭት ድረ ገጽ ላይ ሌሎች ሲጫወቱት ለሚያዩ ሰዎች ነበር፤ አካውንቱን ያገናኘ ሰው ስርጭቱን ከፍቶ ሳለ መግቢያው ሊወጣለት ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ 1.7 ሚሊዮን ሰው ያየበት ሰዓት ነበር። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብን፤ ይህ ሙከራም ነው፣ ማስታወቂያም ነው። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነውር የለውም፤ ግብዣ የደረሰው ሰው ግን የትኛው እንደሚያመዝን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ስህተት ሊታረምበት ጊዜ የሌለው፣ ጌሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተከፈተ "ቤታ" ሰርቨር ይሞክር ይሆናል፤ በእናንተ አስተያየት የጌሙን መሠረት ሊለውጥ ግን አይችልም።

አራተኛው በር ጓደኛ ነው። የቫልቭ ዴድሎክ እ.ኤ.አ. በ2024 የተስፋፋው አንዱ የገባ ሰው ሌላውን እየጋበዘ ነው። ኩባንያው ስለ ጌሙ አንዲት ቃል በይፋ ሳይናገር በነሐሴ ወር በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ሰዎች ከ80 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ስሙን ሰምተውት የማያውቁ ሰዎች አንድ ቀን ጠዋት ከጓደኛ የመጣ ግብዣ አገኙ። እንዲህ ዓይነቱ አካሄድ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ሰው ከጓደኛው ጋር ሲገባ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ግጥሚያውም ቶሎ ይሞላል።

የመጨረሻው በር ስህተት ነው። አንድ ሠራተኛ ቀኑን አሳስቶ ይሞላል፤ ለውስጥ ሠራተኞች የታሰበው ቅጂ ለሕዝብ ይለቀቃል፤ ወይም ከሙከራው ጋር አብሮ መውጣት የሌለበት ፋይል ይወጣል። የኋለኛው ሄሎ ኢንፊኒት ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መጨረሻ የቴክኒክ ሙከራው ሲለቀቅ የታሪኩን ምስጢር የያዙ ጥቂት ፋይሎች ሳይታሰብ ውስጡ ቀርተው ነበር፤ ፋይል የሚበረብሩ ሰዎች አገኟቸው፤ ሠሪዎቹም ስህተቱን አምነው ሰው ታሪኩ እንዳይበላሽበት እንዲጠነቀቅ ጠየቁ። በስህተት መግባታችሁን የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ፤ ማብራሪያ ኢሜይል አልመጣም፣ ጌሙ በየቦታው ያልተሠራ ጽሑፍ ይታይበታል፣ ሌላ ሰውም ውስጡ የለም። እንዲህ ሲሆን ለስቱዲዮው አንድ መስመር ጽፎ ማሳወቅ ጨዋነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው ዝም ብሎ ይነሣል፤ ችግር የሚያመጣው ያገኙትን ቀርጾ መልቀቅ ነው።

ግብዣው እውነተኛ ነው?

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" ይባላል፤ አጭበርባሪ የሚኖረው በዚህ ስሜት ላይ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ጌም ዝግ ሙከራ ላይ ሲሆን የውሸት ግብዣ እንደ አሸን ይፈላል። ምርጫው በዕጣ ስለሆነ ማንም "ለእኔ ሊደርስ አይችልም" አይልም፤ ሠሪው ምስጢር ጠብቁ ስላለም ሰው ጓደኛውን ጠይቆ አያጣራም። ለሌባ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ሁለት ዓይነት ወጥመድ አለ። አንደኛው የይለፍ ቃላችሁን ይፈልጋል። ሊንኩን ስትጫኑ ስቲምን የሚመስል ገጽ ይከፈትና ግቡ ይላችኋል። በጣም የረቀቀው ዓይነት በገጹ ውስጥ አዲስ የብራውዘር መስኮት የሚመስል ሥዕል ያወጣል፤ አድራሻው ላይ ትክክለኛው የስቲም አድራሻ ተጽፏል፣ የቁልፍ ምልክቱም አለ፣ ሁሉም ግን ሥዕል ነው። መለያው ቀላል ነው። መስኮቱን ይዛችሁ ከብራውዘሩ ጠርዝ ውጭ ለመጎተት ሞክሩ። እውነተኛ መስኮት ይወጣል፤ ሥዕል ከገጹ ውጭ መውጣት አይችልም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ዲስኮርድ በተባለው የመልእክት መለዋወጫ ላይ የምታውቁት ሰው "ጌም እየሠራሁ ነው፣ ትሞክርልኛለህ?" ይላችኋል። የሚጽፈው ጓደኛችሁ አይደለም፤ አካውንቱን የወሰደው ሰው ነው። የወረደው ፋይል ሲከፈት ምንም የተፈጠረ አይመስልም፣ ወይም የስህተት መልእክት አሳይቶ ይዘጋል። በዚያች ቅጽበት ግን ብራውዘራችሁ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎችና የገባችሁባቸውን አካውንቶች ማስረጃ ጠራርጎ ልኳል። ስልክ ላይ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ እዚህ ላይ አያድንም፤ ሌባው የሚወስደው ኮዱን አስገብታችሁ ከገባችሁ በኋላ ያለውን ማለፊያ ነውና። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መፍትሔው ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ሆኖ የይለፍ ቃሉን መቀየርና "ከሁሉም መሣሪያ አስወጣኝ" የሚለውን መጫን ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ከግብዣው ሊንክ አትሂዱ። ስቲምን፣ ፕሌይስቴሽንን ወይም ኤክስቦክስን ራሳችሁ ከፍታችሁ ዝርዝራችሁን እዩ። እውነተኛ መግቢያ ከተሰጣችሁ ጌሙ እዚያ አለ፤ የይለፍ ቃል ዳግመኛ አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በኮድ የመጣ ከሆነም ኮዱን የምታስገቡት ራሳችሁ በከፈታችሁት መደብር ውስጥ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ሁሉንም አደጋ እንደማይዘጋ ግን መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ፓይሬትፋይ የተባለ ነጻ ጌም በራሱ በስቲም ላይ ወጥቶ መረጃ የሚሰርቅ ፕሮግራም እንደያዘ ተደርሶበት ከቀናት በኋላ በቫልቭ ተነሥቷል። ማንም የማያውቀው ስቱዲዮ፣ ሌላ ሥራ የሌለው፣ የሠሪዎቹ ማንነት የማይታይበት ሙከራ ከሆነ፣ መደብሩ ትክክለኛ ቢሆንም ጥቂት ቀን መቆየት ብልህነት ነው።

ምስጢር ጠብቁ ሲሏችሁ

ሙከራ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ረጅም ጽሑፍ ይወጣል፤ አትቅረጹ፣ አታሰራጩ፣ አትናገሩ። አንዳንዱ በሕግ የሚያስጠይቅ ውል ነው፤ አንዳንዱ ልመና ነው። ልዩነቱን የምታውቁት በማንበብ ብቻ ነው፤ "እስማማለሁ" የሚለውን የተጫናችሁበት ውል ካለ ስምምነት ሰጥታችኋል ማለት ነው። ዴድሎክ ሲከፈት ስለ ጌሙ ለማንም እንዳይነገር የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ይታይ ነበር። የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ የሆነው የዘ ቨርጅ ጋዜጠኛ ግን ምንም ውል አልፈረምኩም ብሎ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ጻፈበት፤ ቀጥሎ ግጥሚያ ውስጥ እንዳይገባ ታገደ። ቫልቭ ራሱ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ 23፣ የጌሙን ገጽ ይፋ አድርጎ ሰው በግልጽ እንዲያወራ ፈቀደ።

ሁለቱንም ወገን መረዳት ይቻላል። አንድን ነገር ለአሥር ሺዎች ሰጥቶ ምስጢር ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 እስከ 10,000 ሰው በተቀበለ ሙከራው ላይ አትናገሩ ብሎ ነበር፤ ምስሎቹ ግን ሙከራው እንደጀመረ ወጡ። በሌላ በኩል ሠሪው ምስጢር እንዲጠበቅለት የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተሳለ ገጸ ባሕርይ፣ ጊዜያዊ ድምፅ፣ የሚንተባተብ እንቅስቃሴ የያዘ ምስል ከወጣ በኋላ ጌሙ ቢስተካከልም ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው። እኔ የተጠየቀውን ዝምታ መጠበቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ ሠሪው ያላለቀ ሥራውን ያሳያችሁ አምኗችሁ ነው። ተግባራዊውም ጎን አለ። ብዙ የሙከራ ቅጂዎች በማያ ገጹ ላይ ደብዘዝ ያለ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ቁጥሩ የእናንተ አካውንት ነው፣ በተቀነጨበ ምስልም ላይ ሊገኝ ይችላል።

ኮምፒውተራችሁ ላይ ምን ይገባል?

ያላለቀ ጌም ያላለቀ ፕሮግራም ነው። ፎልአውት 76 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 30 ቀን 2018 ቤታው ላይ የማስጀመሪያው ፕሮግራም ስህተት ሠርቶ ሰዎች ያወረዱትን 50 ጊጋባይት የሚያህል ፋይል አጠፋባቸው፤ እንደገና ማውረድ ግድ ሆነ። የአማዞኑ ኒው ወርልድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ዝግ ቤታው ላይ ሳለ ደግሞ አንዳንድ የኢቪጂኤ አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርዶች ተቃጠሉ። በኋላ ካርዶቹን የሠራው ኢቪጂኤ ሲመረምር ጥፋቱ የጥቂት ካርዶች የብየዳ ጉድለት መሆኑን ገልጾ ተክቶላቸዋል፤ አማዞንም በጌሙ ማውጫ ገጽ ላይ የምስሉ ፍጥነት ገደብ እንዲኖረው አደረገ። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ነገ ጠዋት የምታስረክቡት ሥራ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ያላለቀ ጌም ከመጫን በፊት ሥራውን ሌላ ቦታ መገልበጥ አይጎዳም።

ሌላው ሰው የማያስተውለው፣ ማጭበርበር የሚከላከለው ፕሮግራም ነው። የቫሎራንቱ ቫንጋርድ የሚሠራው በኮምፒውተሩ ጥልቅ ክፍል ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሣል። ጌሙን ከኮምፒውተሩ ስትሰርዙት ለብቻው ካልተነሣ ሊቀር ይችላል። ሙከራ ጨርሳችሁ ስትወጡ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ከፍቶ አብሮ የገባ ካለ ማንሣት ያስፈልጋል።

ከገባችሁ በኋላ

እንደ ወትሮ ተጫወቱ። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር የለም። ብዙ ሰው ለሠሪው ክብር ሲል እየሰለቸውም ይቀጥላል፤ ያ መረጃውን ያበላሸዋል። ሲሰለቻችሁ ውጡ። በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ፣ ከሁለተኛው በር ፊት ለፊት መውጣታችሁ ተመዝግቧል፤ ሌላም መቶ ሰው እዚያው ጋ ከወጣ ሠሪው የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

ባግ፣ ማለትም የጌሙ ስህተት፣ ስታገኙ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምን እያደረጋችሁ ነበር፣ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠበቃችሁ፣ ምን ሆነ። "ጌሙ ተበላሽቷል" ከሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ "ከመሰላሉ ላይ እየወረድኩ ቦርሳዬን ስከፍት ጌሙ ተዘጋ፤ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሁለቴም ተዘጋ" የሚል አንድ መስመር ይበልጣል። የጌሙን አካሄድ በተመለከተ ደግሞ መፍትሔ ከመስጠት ስሜታችሁን ተናገሩ። የሄሎ 3 ተጫዋች "ጥይት ጨምሩ" ቢል ተሳስቶ ነበር፤ "ጥይት ያልቅብኛል፣ ተኩሼም የምመታ አይመስለኝም" ቢል ግን እውነቱን ተናግሯል። መድኃኒቱን የሚያውቀው ሠሪው ነው፤ ሕመሙን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሙከራው ሲያልቅ ጌሙ ከዝርዝራችሁ ይጠፋል ወይም "ተዘግቷል" ይላል። ያጠራቀማችሁት ሁሉ አብሮ ይደመሰሳል፤ ጥቂት ስቱዲዮዎች ለማስታወሻ አንድ ምልክት ወይም ልብስ ያስቀሩላችኋል። በስቲም ፕሌይቴስት ላይ ነጥብና ግምገማ መጻፊያም የለም፤ አስተያየታችሁ የሚሄድበት አንዱ ዋና መንገድ ስቱዲዮው የሚልከው መጠይቅ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ የምትመልሱትም ጌሙ ከእጃችሁ ወጥቶ፣ በሩና መሰላሉ ገና ከዓይናችሁ ሳይጠፋ ነው።